የሚያከብራችሁ ገበያና የሚያባብላችሁ ገበያ፤ ከሱወይዲ መናፈሻ እስከ ደመወዝ ዋሌታችሁ

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 13 እስከ ኖቬምበር 30 ቀን 2024 ድረስ በሪያድ የሱወይዲ መናፈሻ ቀድሞ ባልተለመደ መልኩ ደምቆ ነበር። የሳውዲ የሚዲያ ሚኒስቴር ከመዝናኛ ጠቅላይ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ፣ በሪያድ ሲዝን ስር «ኢንሲጃም ዓለሚ» የተባለ ዝግጅት በዚያ አካሄደ። ለሕንድ፣ ለፊሊፒንስ፣ ለኢንዶኔዥያ፣ ለፓኪስታን፣ ለየመን፣ ለሱዳን፣ ለባንግላዲሽ፣ ለግብፅ፣ እንዲሁም ለዮርዳኖስ፣ ለሊባኖስና ለሶሪያ ማኅበረሰቦች በየተራ ቀን ተሰጣቸው። ዘፈናቸው ተዘፈነ፤ ምግባቸው ተሸጠ፤ የአገራቸው ልብስና የእጅ ሥራ ለዕይታ ቀረበ። በዚያ ዓመት ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ስም አልነበረም።

ዝግጅቱ ለመዝናኛ ታስቦ የተሰናዳ ቢሆንም ስለ ገበያም የሚነግረን ነገር አለ። በ2022 በተደረገው ቆጠራ መሠረት በሳውዲ አረቢያ ከሚኖረው 32.2 ሚሊዮን ሕዝብ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ዜጋ ነው። ይህ ሕዝብ ይሠራል፤ ግን ሥራ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ሲም ካርድ ይገዛል፣ ገንዘብ ይልካል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ለቤተሰቡ ልብስ ገዝቶ በካርጎ ይጭናል። በሌላ አነጋገር ደንበኛ ነው። የሱወይዲው ዝግጅት ይህን ሕዝብ በሙያው ወይም በኢቃማው ሳይሆን በአገሩ፣ በቋንቋውና በዘፈኑ ጠራው። ኩባንያዎችም ከዚህ መማራቸው አይቀርም። ነገ ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ በአማርኛ ሰላምታ ሊጀምር፣ የቡና ሥነ ሥርዓት ሊያሳይ፣ «እህታችን» ብሎ ሊጠራችሁ ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በቋንቋችሁ የጠራችሁ ሁሉ አክብሯችኋል ማለት ነው? ገበያ እንደ ሰው ሲያያችሁ በምን ይታወቃል?

ደንበኛ ማለት ምን ማለት ነው?

በአማርኛችን «ደንበኛ» የሚለው ቃል «ደንብ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ደንበኛ ነገር ስንል ሥርዓቱን የጠበቀ፣ የተሟላ ነገር ማለታችን ነው። የሱቅ ደንበኛ ስንልም አንድ ቀን ገዝቶ የሚሄደውን መንገደኛ ማለታችን አይደለም። ባለ ሱቁ ስሙን የሚያውቀው፣ ዱቤ የሚጽፍለት፣ እሱም በበኩሉ ቃሉን ጠብቆ የሚከፍለው ሰው ነው። ደንቡ ሁለቱንም ያስራል። ባለ ሱቁ ሚዛን አያጎድልም፤ ገዢውም ዱቤ አይክድም። ገበያ ወጥተን ቃሪያ ወይም ሽንኩርት ስንገዛ «ምርቃት» የምንጠይቀው፣ ሻጯም አንድ ሁለት ፍሬ የምትጨምርልን ከዚሁ የተነሣ ነው። ምርቃቱ በዋጋው ትንሽ ነው፤ መልእክቱ ግን «ነገም ተመለሽ» የሚል ነው።

በዓለም ደረጃም ተመሳሳይ ሐሳብ በሕግ ቋንቋ ተነግሯል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1962 ለምክር ቤት በላኩት መልእክት ሸማች አራት መብቶች እንዳሉት ገለጹ። የመጀመሪያው ደኅንነቱ የመጠበቅ፣ ሁለተኛው ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ሦስተኛው የመምረጥ፣ አራተኛው የመሰማት መብት ነው። ማርች 15 ዛሬ በዓለም የሸማቾች መብት ቀን ሆኖ ይከበራል። ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. ባወጣችው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹን የሚጠብቁ ድንጋጌዎች አስቀምጣለች።

እነዚህ አራት ነገሮች፣ ማለትም ደኅንነት፣ መረጃ፣ ምርጫና መሰማት፣ ማንኛውንም ማስታወቂያ ለመመዘን ይበቃሉ። ፈገግታና ጣፋጭ ቃል ከእነርሱ ጋር ሲመጣ መልካም ነው። ከእነርሱ ተነጥሎ ሲመጣ ግን ማባበያ ብቻ ይሆናል።

ሰው ራሱ ዕቃ ሆኖ ሲቀርብ

በዚህ ጉዳይ የቤት ሠራተኛዋ ቦታ ከሌላው ሸማች ይለያል። ሌላው ሰው በገበያ ውስጥ ገዢ ብቻ ነው። የቤት ሠራተኛ ግን አንዳንድ ጊዜ ራሷ በማስታወቂያ ላይ ትወጣለች። ፎቶዋ፣ ዕድሜዋ፣ ሃይማኖቷ፣ ቁመቷ ከዋጋ ጋር ተደርድሮ ይታያል። በመክተብ በኩል ለመጡ ብዙ እህቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የዚህን መጥፎ ጫፍ ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው። የቢቢሲ ዐረብኛ ክፍል ጋዜጠኞች አዲስ የመጡ ባልና ሚስት መስለው በኩዌት ምርመራ አደረጉ። የቤት ሠራተኞች በስልክ አፕና በኢንስታግራም ለሽያጭ ሲቀርቡ፣ በአንዱ አፕ ላይ ገዢው በዘርና በዋጋ እየለየ ሲመርጥ አሳዩ። ከቀረቡላቸው መካከል የ16 ዓመት የጊኒ ልጅ ነበረችበት። ተመሳሳይ ማስታወቂያዎች በሳውዲ አረቢያ በሚሠራበት ሌላ የሽያጭ አፕ ላይም መገኘታቸውን ዘገባው ገለጸ። ከዚያ በኋላ የኩዌት ባለሥልጣናት ማስታወቂያውን ያወጡ ሰዎችን ጠሩ፤ በኩዌት የነበረው አፕ የቤት ሠራተኞችን ክፍል አነሣ፤ ፌስቡክም ለዚህ ይውል የነበረውን አንድ የዐረብኛ ሃሽታግ ዘጋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ የፌስቡክን የውስጥ ሰነዶች ይዞ ሲወጣ ሌላ ነገር ታወቀ። በ2019 አፕል ኩባንያ ፌስቡክንና ኢንስታግራምን ከአፕ መደብሩ አስወጣለሁ ብሎ አስፈራርቶ ነበር። ፌስቡክም ችግሩን ከዚያ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ፈጥኖ የተንቀሳቀሰው ግን ንግዱ ሲነካ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ኩባንያ በራሱ ጊዜ ሰብአዊ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይበቃም። ሕግ፣ ጋዜጠኛና ጮክ ብሎ የሚናገር ደንበኛ ያስፈልጋሉ።

ሕግ ደግሞ አለ። ሳውዲ አረቢያ በ2009 የሰዎችን ዝውውር የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ በሥራ ላይ ነው፤ ሙሉ አፈጻጸሙም በሴፕቴምበር 2024 ጀምሯል። ስማችሁ፣ ፎቷችሁ፣ የፓስፖርትና የኢቃማ ቁጥራችሁ የእናንተ የግል መረጃ ናቸው። ማንም ነጋዴ እንደ ሱቅ ዕቃ እየሰቀለ የሚያዞራቸው አይደሉም። ስለዚህ አንድ ሰው «ለሥራ ላገኝልሽ» ብሎ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ፎቶና የፓስፖርት ገጽ ሲጠይቃችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ማን እንደሆነና ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። የሥራ ኮንትራት ሕጋዊው መንገድ ሙሳነድ ነው።

«ነፃ» የሚለው ቃል ሲመነዘር

አሁን ወደ ዋናው ገበያችን፣ ወደ ገንዘብ መላክ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከሳውዲ አረቢያ የውጭ ዜጎች ወደየአገራቸው የላኩት ገንዘብ ከ140 ቢሊዮን ሪያል በላይ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያልፍበት በር ላይ የሚቆም ነጋዴ ብዙ ነው። ለዚህም ነው «ያለ ክፍያ ይላኩ»፣ «ይላኩና ይሸለሙ» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚበዙት። በኢትዮጵያም ባንኮች ከውጭ ለሚመጣ ገንዘብ ዕጣ ያወጣሉ፤ ስልክ፣ ፍሪጅ፣ አንዳንዴም መኪና ይሸልማሉ።

ሽልማት በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ገንዘብ የመላክ ዋጋ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ደረሰኝ ላይ የሚታየው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው የማይታየው ነው፤ በምንዛሪው ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ትርፍ። «ያለ ክፍያ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ይህን ለማየት የሚረዳ አንድ ቋሚ ቁጥር አለ። የሳውዲ ሪያል ከአሜሪካ ዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው፤ ከ1986 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስለዚህ 1,000 ሪያል ምንጊዜም 266 ዶላር ከ67 ሳንቲም ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ባንክ በዕለቱ ለዶላር የሚሰጠውን ዋጋ በ3.75 ስታካፍሉ የሪያሉን ዋጋ ታገኛላችሁ።

ለሒሳቡ ብቻ ምሳሌ እንውሰድ። የዕለቱ የባንክ ዋጋ ለአንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። 150 ለ3.75 ሲካፈል ለአንድ ሪያል 40 ብር ይሆናል። በእጃችሁ 1,000 ሪያል አለ።

የመጀመሪያው ድርጅት 15 ሪያል ያስከፍላል፤ በክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 17 ሪያል ከ25 ሃላላ ይሆናል። ቀሪው 982 ሪያል ከ75 ሃላላ በ40 ብር ሲመነዘር ቤተሰባችሁ 39,310 ብር ያገኛል።

ሁለተኛው ድርጅት «ያለ ክፍያ» ይላል፤ ለአንድ ሪያል የሚሰጠው ግን 38 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ቤተሰባችሁ 38,800 ብር ያገኛል።

ክፍያ ያስከፈለው ድርጅት ለቤተሰባችሁ 510 ብር የበለጠ አደረሰ። በየወሩ ብትልኩ በዓመት 6,120 ብር ነው። ያንን ገንዘብ «ያለ ክፍያ» የሚለው ቃል ወሰደው።

እንግዲህ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ጥያቄ አለ። «ክፍያው ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከእጄ 1,000 ሪያል ቢወጣ ለእናቴ ስንት ብር ይደርሳታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ቁጥር ከመላካችሁ በፊት በግልጽ የሚነግራችሁ ድርጅት እንደ ሰው አይቷችኋል። ዝም ብሎ ስለ ዕጣው የሚያወራላችሁ ግን እንደ ቁጥር ነው የቆጠራችሁ። የዓለም ባንክ እንደሚያሳየው በዓለም ደረጃ ገንዘብ የመላክ አማካይ ዋጋ አሁንም ከሚላከው ከ6 በመቶ በላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያስቀመጠው ግብ ደግሞ በ2030 ከ3 በመቶ በታች ማድረስ ነው። ስለዚህ ይህን መጠየቅ ቁጠባ ወይም ንፍገት አይደለም፤ ዓለም ሁሉ የተስማማበት ጥያቄ ነው።

ሀዋላው ለምን ያሸንፋል?

ብዙ ሰው ሕጋዊውን መንገድ ትቶ በግለሰብ ሀዋላ ለምን እንደሚልክ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ምንዛሪው ይሻላል» የሚል ነው። ይህ እውነት የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከመተዉ በፊት በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት በጣም ሰፊ ነበር። ግን ምንዛሪው ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም።

የሀዋላ ሰው ስማችሁን ያውቃል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ያናግራችኋል። ማዳም ከተኛች በኋላ በሌሊት ብትደውሉለት ያነሣል። ፎርም አያስሞላችሁም። እናታችሁ ብሩን እንደተቀበለች በድምፅ መልእክት ይነግራችኋል። ቅዳሜ ወይም ዓርብ አይልም። ማርኬቲንግ የሚያስተምሩ ሰዎች «ደንበኛን ያማከለ አሠራር» የሚሉት ይኸው ነው፤ ሀዋላው መጽሐፉን ሳያነብ ይሠራዋል።

የጎደለው ነገር ደንብ ነው። ገንዘቡ ካልደረሰ ደረሰኝ የለም። ሰውየው ስልኩን ቢያጠፋ የት ትከሱታላችሁ? ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማስተላለፍ በሳውዲ ሕግ ወንጀል ስለሆነ፣ ገንዘባችሁን የተበላችሁት እናንተ ስትሆኑ እንኳ ለመናገር ትፈራላችሁ። በኬኔዲ አራት መብቶች ስንመዝነው ሀዋላው ምቾት ይሰጣል፤ ደኅንነትና መሰማትን ግን አይሰጥም።

ፈቃድ ያለው ድርጅት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ደረሰኝ አለው፣ የአቤቱታ ክፍል አለው፣ የማዕከላዊ ባንክ ቁጥጥር አለበት። ቋንቋችሁን ግን አይናገርም፤ ስልኩ ላይ ረጅም ሙዚቃ ያሰማችኋል፤ መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ቀና ብሎ አያያችሁም። ስለዚህ ሰው ደንብ ካለበት ቤት ሸሽቶ ፈገግታ ወዳለበት ቤት ይሄዳል። ጥፋቱ የላኪዋ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ከሀዋላው ሊማሩ የሚገባው ነገር አለ ማለት ነው። ሁለቱን ያጣመረ፣ ደንብ ያለው ፈገግታ የሚሰጥ ድርጅት ደንበኛውን አያጣም።

ሰምቶ የሠራ ገበያ

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል በቅርባችን ያለ ምሳሌ እናንሣ። በኬንያ ኤም-ፔሳ ሲሞከር፣ በ2005 ገደማ፣ የታሰበው ሰዎች አነስተኛ ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሙከራው ላይ ያሉ ሰዎች ግን በራሳቸው መንገድ ተጠቀሙበት፤ ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ኩባንያው ሕዝቡን «ተሳስታችኋል» አላለም። ያደረጉትን አይቶ አገልግሎቱን ቀየረ፤ በማርች 2007 ሲጀምርም ለሕዝብ ያቀረበው መልእክት «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ነበር። ከተማ ሠርቶ ገጠር ያለች እናቱን የሚረዳ ሰው ሕይወት በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ገባች። ኤም-ፔሳ በ2023 ኢትዮጵያም ገብቷል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ቴሌብር በሜይ 2021 ሲጀምር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የመጣው። ቋንቋ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን አንዲት እናት የልጇን ገንዘብ ለመቀበል ለጎረቤት ልጅ የሚስጥር ቁጥሯን መንገር ካለባት አደጋው የሚጀምረው እዚያ ነው። በቋንቋዋ ካነበበች ሚስጥሯን ለራሷ ትጠብቃለች። ስለዚህ ቋንቋ ጌጥ አይደለም፤ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የማርኬቲንግ ሊቁ ፊሊፕ ኮትለር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው አቅርቦታል፤ ነጋዴ በመጀመሪያ ዕቃውን፣ ቀጥሎ ገዢውን፣ በመጨረሻ ደግሞ ሙሉውን ሰው ወደ ማየት ሊሸጋገር ይገባል ይላል። ይህ በሪያድ ላለች የቤት ሠራተኛ ሲተረጎም ምን ይመስላል? ሙሉውን ሰው ማየት ማለት ሰዓቷን ማወቅ ነው። ቀን ስልኳን ማንሣት እንደማትችል፣ ከቤት የምትወጣው በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን፣ ለአንዳንዷ ያም ቀን በተግባር እንደማይሰጣት መረዳት ነው። የቤት ሠራተኞች ደንብ የሳምንት የዕረፍት ቀን ይደነግጋል። ይህ ቀን ካልተከበረ የሱወይዲ መናፈሻ በሩን ቢከፍትም፣ ሱቁ ቅናሽ ቢያደርግም፣ ለእርሷ ሁሉም በስልክ ስክሪን ላይ የሚታይ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ደመወዙ ወደ ስልክ ሲገባ

አሁን ይህ ሁሉ ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። የሳውዲ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በሙሳነድ በኩል በዲጂታል ዋሌትና በባንክ እንዲከፈል በደረጃ ሲያስገድድ ቆይቷል። በጁላይ 1 ቀን 2024 በአዲስ ኮንትራቶች ጀመረ። በ2025 ብዙ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች ከላይ ወደ ታች እያካተተ መጣ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ያለውንም አሠሪ ይጨምራል።

የዚህ ትልቁ ጥቅም ማስረጃ ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ወይም ሲቀር «ከፍያለሁ»፣ «አልተከፈለኝም» የሚለው ክርክር በመዝገብ ይፈታል። ግን ሌላም ለውጥ አለው። ከዚህ በፊት በጥሬ ገንዘብ ትቀበል የነበረች ሴት አሁን በስሟ ሒሳብ ያላት ደንበኛ ሆነች። ዋሌቱን የሚያቀርበው ድርጅት ይፈልጋታል። ብድር ሊያቀርብላት፣ ካርድ ሊሰጣት፣ «ወደ አገርሽ በዚህ ላኪ» ሊላት ነው። ስለዚህ ካሁን ወዲያ የገበያው ጥሪ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

አደጋውም እዚያው ነው። ሒሳቡ በስሟ ሆኖ ስልኩና የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ለውጡ የወረቀት ብቻ ይሆናል። አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ሒሳብሽ ሊዘጋ ነው፣ የደረሰሽን ቁጥር ንገሪን» የሚል ጥሪ በዐረብኛም በአማርኛም ይመጣል። ስማችሁን ጠርተው፣ «እህቴ» ብለው፣ ተጨንቀው ይናገራሉ። ጣፋጭ ቃል ብቻውን መመዘኛ የማይሆነው ለዚህ ነው። በስልካችሁ የሚደርሳችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ማንም እውነተኛ ባንክ በጥሪ አይጠይቅም። ከጠየቀ ስልኩን ዝጉ።

ለሱወይዲ ሱቆችና ለስልክ ነጋዴዎች

እስከ አሁን ስለ ትልልቅ ድርጅቶች አወራን። ነገር ግን የእናንተ ገበያ ትልቅ ክፍል በወገን እጅ ነው። በሱወይዲና በሌሎች የሪያድ ሰፈሮች በርበሬና ቡና የሚሸጥ፣ ፀጉር የሚሠራ፣ ካርጎ የሚያሰባስብ ኢትዮጵያዊ አለ። በቲክቶክና በቴሌግራም ልብስና ወርቅ የምትሸጥም አለች። ወገን መሆን ለነጋዴ ትልቅ ካፒታል ነው፤ ገዢዋ ሳትጠራጠር ታምናለችና። ያንን እምነት መጠቀሚያ ማድረግ ደግሞ ቀላል ነው።

ወገኑን የሚያከብር ነጋዴ ጥቂት ነገሮችን ያደርጋል። ዋጋውን «በውስጥ መስመር ጠይቁ» ሳይል በግልጽ ይጽፋል፤ ገዢዋን አይቶ ዋጋ አይቀያይርም። ካርጎ ሲቀበል ክብደቱን በፊቷ መዝኖ፣ የሚደርስበትን ጊዜ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። ዕቃው ቢዘገይ ራሱ ቀድሞ ይደውላል። የደንበኛውን ፎቶ ለማስታወቂያ ሲፈልግ ያስፈቅዳል፤ አሠሪዎቿ ሊያዩት እንደሚችሉ ያስባልና። በሳውዲ የ2019 የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ መሠረት በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃውን ካልተጠቀመበትና ሕጉ ከለያቸው ዓይነቶች ካልሆነ በሰባት ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይችላል። ይህን ለገዢው የሚነግር ሻጭ ገበያው አይቀዘቅዝም፤ ሰው ተመልሶ የሚመጣው ገንዘቡን ወደመለሰለት ሰው ነው።

የዱቤም ነገር አለ። ከደመወዝ በፊት ዕቃ መስጠት ደግ ሥራ ነው። ዕዳው ሲጠራቀም ግን ሠራተኛዋ ወደ አገሯ መግባት የማትችልበት ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ሰው የሆነ ነጋዴ «በዚህ ወር ይበቃሻል» ብሎ የሚያቆምበት ልክ አለው።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት

ሁሉንም ሕግ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ማንኛውም ማስታወቂያ ሲያምራችሁ አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ በጠቅላላው ከእጄ ስንት ይወጣል፣ በሌላ በኩል ስንት ይደርሳል? ሁለተኛ፣ ይህን በማነበው ቋንቋ ጽፋችሁ ትሰጡኛላችሁ? ሦስተኛ፣ ሐሳቤን ብቀይር እንዴት እወጣለሁ፣ ምን ያስከፍለኛል? አራተኛ፣ ችግር ቢመጣ ማንን አናግራለሁ፣ ደረሰኜ የታለ? አምስተኛ፣ ስሜንና ፎቶዬን ለምን ትፈልጉታላችሁ?

እነዚህን ስትጠይቁ ፊቱ የሚጠቁር፣ «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። በትዕግሥት የሚያስረዳችሁ ደግሞ ሊታመን የሚገባው ነው፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥ እንኳ ሒሳቡን ሠርታችሁ አስቡበት።

አቤቱታ የምታቀርቡባቸውን ቁጥሮች በስልካችሁ መዝግቡ። በሱቅና በንግድ ድርጅት ላይ ለንግድ ሚኒስቴር 1900 ነው። በሥራ፣ በደመወዝና በኮንትራት ጉዳይ ለሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር 19911 ነው። በባንክ፣ በዋሌትና በገንዘብ ማስተላለፊያ ላይ መጀመሪያ ለድርጅቱ ራሱ አቤት በሉ፤ የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ፤ ካልተፈታ ለሳውዲ ማዕከላዊ ባንክ በ8001256666 ማመልከት ትችላላችሁ። ዐረብኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ያግዛችሁ፤ የሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ለእርሱም አትንገሩ።

የመሰማት ዋጋ

አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ስታማርር ድርጅቱ ላይሰማት ይችላል። ነገር ግን ሃያ ጓደኛሞች በአንድ የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ የየድርጅቱን የዕለት ምንዛሪ እየጻፉ ቢያወዳድሩ፣ ቅሬታቸውንም ቀን፣ መጠንና የደረሰኝ ቁጥር እየጠቀሱ ቢያቀርቡ፣ ያ ድርጅት ደንበኞቹን ማጣቱን በገቢው ያየዋል። ገበያ የሚሰማው በዚህ ነው። በ2019 ትልልቆቹን ኩባንያዎች ያንቀሳቀሳቸው የንግዳቸው መነካት እንደነበር አይተናል።

በሱወይዲ መናፈሻ የአንድ ሕዝብ ዘፈን ሲሰማ ደስ ይላል፤ የኢትዮጵያ ተራ ሲደርስም ጭፈራው ማማሩ አይቀርም። ለቤት ሠራተኛዋ ግን ክብር የሚለካው ከመድረኩ ወርዳ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ነው። ዋጋው በቋንቋዋ ተጽፎ ካገኘችው፣ ላበቷ ያፈራው ሪያል ሳይሸራረፍ ለእናቷ ከደረሰ፣ አቤት ስትል የሚሰማት ካለ፣ ያን ጊዜ ደንበኛ ሆናለች። ደንበኛ ደንብ አለው። ደንቡን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ሲያውቁት ነው የሚጸናው፤ እናንተም የራሳችሁን ድርሻ ጠይቃችሁ ተቀበሉ።